የእናቴ ሆድ ላይ እብጠት አገኘሁ፤ ኢንሱሊኑን የት ልውጋት?

የቱሉ ዲምቱዋ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ከጀመረች 6 ዓመት ሆናት። ድፍርሱን፣ ቀስ ብሎ የሚሠራውን ኢንሱሊን ነው የምትወስደው፤ ጠዋት 24፣ ማታ 14 ዩኒት። እስካሁን ራሷ ነበረች የምትወጋው። አሁን ዓይኗ ደክሞ ሲሪንጁ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ስላቃታት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔ ተረከብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወጋት ሆዷን ስትገልጥልኝ ደነገጥኩ። ከእምብርቷ በስተግራ ግማሽ ሎሚ የሚያህል ነገር ወጥቷል። ስነካው ጠንከር ይላል፣ ስጫነው ግን እንደ ላስቲክ መልሶ ይነሳል። አያማትም። እንዲያውም እሱን ልሸሽ ስል "እዛው ላይ ውጊኝ ልጄ፣ እዛ ጋ አይሰማኝም" አለችኝ። ለካ 6 ዓመት ሙሉ እዛችው ቦታ ላይ ነው ስትወጋ የኖረችው።

ስኳሯ ደግሞ አንድ ቀን 110 ይሆናል፣ በማግስቱ ያንኑ በልታ፣ ያንኑ ያህል ወስዳ 320። ቀጠሮ በሄደች ቁጥር "አመጋገብሽን አስተካክዪ" ብለው ይመልሷታል። እናቴ ሆዷን የማትቆጣጠር ሴት አይደለችም፤ ለዓመል ታህል የልጅ ልጇ ልደት ላይ እንኳ ኬክ አልቀመሰችም። በዚህ ነገር ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ይሄ እብጠት ካንሰር ይሆን እንዴ? ደግሞስ የት ልውጋት? አንድ ጎረቤታችን "ክንዷ ላይ፣ ጡንቻው ውስጥ አስገቢው፣ ቶሎ ይሠራል" አሉኝ። እውነት ነው?

ሲስተር ከገላን | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ሐኪም ሳይዳስሰው ከዚህ ሆኜ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም፣ ማሳየት አለባችሁ። ግን ኢንሱሊን አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ሲወጋ የሚወጣ የስብ እብጠት አለ፤ ሊፖሃይፐርትሮፊ ይሉታል። ካንሰር አይደለም። የነገርሽን ሁሉ እሱን ይመስላል። ኢንሱሊን ሥራው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ማውረድ ብቻ አይደለም፣ የስብ ሴሎችንም ያሳድጋል። በየቀኑ እዛው ሲያርፍ ስቡ ያብጣል፣ ጠባሳም ይጨመርበታል። ቦታው ስለሚደነዝዝ አያምም፣ ስለማያም ደግሞ ሰው እዛው ይመለሳል። እናትሽ ያደረጉት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፣ እንዳትቆጫቸው።

አሁን የት የሚለው። በግ ሲገፈፍ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? አራጁ ቆዳውን ትንሽ ቀደድ ያደርግና ቡጢውን በቆዳውና በሥጋው መሃል እያስገባ ይገፋዋል። እዛ ጋ የሚላቀቅ ነጭ፣ ስስ፣ የሚያዳልጥ ነገር አለ። ኢንሱሊን የሚገባው እዛ ነው። ከላይ ካለው ቆዳ ውስጥ አይደለም፣ ከታች ካለው ሥጋ ውስጥም አይደለም። መሃል ላይ ነው።

የላይኛው ቆዳ ራሱ ሁለት ነው። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ደም ሥር የለውም፣ ከላዩም ደረቅ ነው፣ ሥራውም መከላከል ነው። ከሱ ሥር ያለው ወፍራሙ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጫማና ቦርሳ የሚሆነው፣ ነርቩና ደም ሥሩ ያለበት ነው። ከዛ ስቡ ይመጣል። ስቡ ውስጥ ደም የሚዘዋወረው በዝግታ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ጡንቻ ግን ደም በደም ነው።

እብጠቱ ላይ መውጋት አቁሚ። ጭኗ ላይ፣ ከፊት ለፊት ወደ ውጭ ባለው በኩል፣ ወይም ሆዷ ላይ ከእምብርቷ ሁለት ጣት ራቅ ብለሽ ጤነኛ ቦታ ፈልጊ። በአውራ ጣትና በሁለት ጣትሽ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገሽ ከፍ አድርጊው። ሰውነት ያላት ከሆነ ቀጥ አድርገሽ፣ ከሳ ያለች ከሆነ ዘንበል አድርገሽ። መድኃኒቱን ገፍተሽ ስትጨርሺ ቶሎ አትንቀዪው፣ 10 ድረስ ቁጠሪ። በየቀኑ ካለፈው ቦታ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ በይ። መርፌውን ስንት ጊዜ ነው የምትጠቀሙበት?

ጋሽ አቃቂ | ሰኞ ማታ

ሲስተር ሙያሽን አከብራለሁ። ግን እኔ እስከማውቀው መርፌ ማለት ጡንቻ ነው። ፔኒሲሊኑም፣ የወባውም፣ ሁሉም ዳሌ ላይ ተወግቶ ነው የዳንነው። ከላይ ከላይ የተወጋ መርፌ ምን ይጠቅማል? ጎረቤቷ ያሉት ትክክል ይመስለኛል፣ ቶሎ መሥራቱ ምን ይከፋል?

ሲስተር ከገላን | ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ፔኒሲሊን ብዙ ፈሳሽ ነው፣ ጡንቻ ይሸከመዋል። የህፃናቱ ፔንታ ክትባትም ጭን ጡንቻ ውስጥ ነው የሚገባው። ይሄ ድፍርሱ ኢንሱሊን ግን የተሠራው ቀስ ብሎ ከግማሽ ቀን በላይ እንዲሠራ ነው። ጡንቻ ውስጥ ከገባ የቀኑን በአጭር ጊዜ ይለቀዋል፤ ሰውየው ደግሞ ከተራመደ ወይም ሥራ ከሠራ ጡንቻው ይበልጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ስኳር ባንዴ ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ ከመውጣቱ ይብሳል፣ በደቂቃ ውስጥ ሰው ራሱን ይስታል።

የቱሉ ዲምቱዋ | ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲስተር እንዳልሽኝ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀኝ ጭኗ ላይ ነው የወጋኋት። ያው 14 ዩኒት። እራቷንም በልታለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስትቃዥ ሰማሁና ተነሳሁ። ልብሷ በላብ ርሷል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት የሟች አክስቴን ስም እየጠራች ትመልስልኛለች። መብራት አልነበረም፣ በስልኬ ባትሪ ስለካት 48።

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጬ፣ ቀና አድርጌ እየደገፍኩ አጠጣኋት። ከሩብ ሰዓት በኋላ 71። ደግሜ ሰጠኋት፣ ከዛ ዳቦ በላች። አሁን 130 ናት፣ ተኝታለች። እኔ ግን አሁንም እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ምን አጠፋሁ?

ስለ መርፌው፦ አንዱን ሲሪንጅ ሳምንት ድረስ ትጠቀምበት ነበር። ፋርማሲ ሁሌ አይገኝም፣ ሲገኝም ገንዘብ ነው።

ሲስተር ከገላን | ማክሰኞ ጠዋት

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቦታ ቀይሪ ስልሽ አብሬ መንገር የነበረብኝን አልነገርኩሽም። ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እብጠቱ ውስጥ ሲወጋ ከነበረው 14 ዩኒት ውስጥ ከፊሉ በሰዓቱ ወደ ደም አይደርስም ነበር። አንዳንድ ቀን እዛው ይዘገያል፣ ያን ቀን 320 ትሆናለች። ሌላ ቀን ይለቀዋል፣ 110 ትሆናለች። ሐኪሙ ከፍ እያለ የሚያየውን ቁጥር ተከትሎ መጠኑን እየጨመረ መጥቷል። አሁን ጤነኛ ስብ ውስጥ ስታስገቢው 14ቱ በሙሉ ሠራ። ድፍርሱ ማታ ከተወጋ ደግሞ ኃይሉ የሚበረታው ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ ከእብጠት ወደ ጤነኛ ቦታ የሚዛወር ሰው መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው ደግሞ የሚከታተላት ሐኪም ነው። ይሄን የሚያነብ ሁሉ እባካችሁ ልብ በሉ፦ ቦታ መቀየር መጠን እንደመቀየር ነው።

ስኳሩን በውኃ በጥብጠሽ የሰጠሻት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመሽ የለካሻት፣ ትክክል ነው። ነቅታ መዋጥ ስለቻለች ነው የሠራው። መዋጥ ካልቻለች ግን ምንም አፏ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ወደ ጎን አስተኝተሽ በፍጥነት ሐኪም ቤት። ዛሬውኑ ውሰጃት። እብጠቱን ገልጣ ታሳይ። ልብስ ላይ ሆኖ ማንም አያየውም።

ጋሽ አቃቂ | ማክሰኞ ጠዋት

እግዚአብሔር ይመስገን ደርሰሽላታል። ልጄ፣ ትላንት ያልኩትን አንስቻለሁ። ስብ ውስጥ ገብቶ እንኳ እንዲህ ካደረገ ጡንቻ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር ሳስበው አመመኝ።

የለገጣፎ አራስ | ማክሰኞ ረፋድ

ገብቼ ስላቋረጥኩ ይቅርታ፣ ግን በቆዳ ላይ ስለሚሰጥ መርፌ ካነሳችሁ አይቀር። ልጄ 5 ሳምንቷ ነው። ስትወለድ ክንዷ ላይ የተወጋችው ክትባት አሁን ቀልቶ ጫፉ ነጭ መግል ይዟል። አማቴ "መርፌው ተበላሽቶ ነው፣ ቅቤ ቀቢው" ይሉኛል። ይፈነዳ ይሆን እያልኩ ስፈራ ነው የከረምኩት።

ሲስተር ከገላን | ማክሰኞ ከሰዓት

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ያ ቢሲጂ ነው፣ የቲቢ ክትባት። እሱ ከሁሉም የሚለየው ስቡ ውስጥ እንኳ አይገባም፣ ቆዳው ውስጥ ነው የሚቀረው። መጠኑ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ከጠብታ ብዙም አይበልጥ። መርፌዋ በቆዳው ላይ ተኝታ ማለት ይቻላል የምትገባው፣ ጫፏ ከላዩ እስክትታይ ድረስ። በትክክል ከገባ እዛው ቅጽበት የብርቱካን ልጣጭ የመሰለች ነጭ ጉብታ ትወጣና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትጠፋለች። እኔ ሥራ ስጀምር በጣም የፈራሁት ይሄን ክትባት ነበር። እጅሽ ትንሽ ከጠለቀ ጉብታዋ አትወጣም፣ ልጁም በኋላ ትልቅ መግል ወይም የብብት እብጠት ሊመጣበት ይችላል።

ከ2 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ቀልቶ፣ መግል ይዞ፣ ፈንድቶ፣ ከዛ ቅርፊት ሆኖ ጠባሳ ቢተው ጤነኛ ነው። የራስሽንም ክንድ እዪው፣ ምናልባት ጠባሳው አለ። ቅቤም፣ ቅባትም፣ አልኮልም አትቀቢ። አትጭመቂው። ብብቷ ካበጠ ወይም ቁስሉ እየሰፋ ከሄደ ብቻ ይዘሻት ነይ። እማማን ደግሞ በፍቅር አስረጂያቸው፣ ለልጅቷ አስበው ነው።

ፋርማሲስቱ | ማክሰኞ ማታ

ክሩን አሁን ነው ያነበብኩት። ሲስተር ስህተቷን በግልጽ መጻፏ ሊመሰገን ይገባል።

እኔ የምጨምረው ስለ መርፌው ነው። አዋቂ ሰው ላይ ኢንሱሊን የሚወጋባቸው ቦታዎች ቆዳ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሰውየው ወፍራምም ይሁን ቀጭን ብዙ አይለያይም፤ የሚለያየው ከሥሩ ያለው ስብ ነው። ለዚህ ነው 4 ሚሊ ሜትር የፔን (እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ የኢንሱሊን መውጊያ) መርፌ ለሁሉም ሰው የሚበቃው። እዚህ በብዛት የምናገኘው ሲሪንጅ መርፌ ግን ከዛ ይረዝማል፤ ከሳ ያለ ሰው ጭን ወይም ክንድ ላይ ቆንጠጥ ሳይደረግ ቀጥ ብሎ ከተወጋ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። ሲሪንጁ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል መሆኑንም እዪ።

መርፌው በተደጋገመ ቁጥር ጫፉ ይጎብጣል፣ ያ ደግሞ እብጠቱን ያባብሰዋል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ከምትቆጥቡ ሌላ ነገር ላይ ብትቆጥቡ እላለሁ።

መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ቢቆም ኢንሱሊኑ ይበላሻል ብለሽ አትጨነቂ። የተከፈተ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ባይሆንም ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ብርዳም ነው። ያልተከፈተው ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት። ፍሪጅ የሌለው ሰው ውኃ በነካ አሸዋ መሃል ማሰሮ አስቀምጦ ውስጡ ያኑረው፣ በትነት ይቀዘቅዛል። ከሙቀቱ ይልቅ እኔ የምፈራው በረዶውን ነው፤ ፍሪዘሩን ተጠግቶ የበረደ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣል። ድፍርሱን ከመሳብሽ በፊት በመዳፍሽ መሃል ቀስ አድርገሽ አንከባልዪው፣ አትናጪው። ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል ካልሆነና የጓጎለ ነገር ከተንሳፈፈበት አትጠቀሚበት።

ሱሉልታ_7 | ማክሰኞ ማታ

እኔም የስኳር በሽተኛ ነኝ፣ 31 ዓመቴ ነው። ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። የሲጋራ ማቆሚያ ፕላስተር አለ፣ የህመም ማስታገሻም ፕላስተር አለ። ኢንሱሊንን ለምን ቆዳ ላይ አይለጥፉልንም? በቀን ሁለቴ፣ በዓመት 730 ጊዜ ነው የምወጋው።

ፋርማሲስቱ | ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። መልሱ ያቺ ከላይ ያለችው ደረቅ ሽፋን ላይ ነው። ውፍረቷ ከወረቀት ያንሳል፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ነው። ግን የሞቱ ሴሎች እንደ ጡብ ተደርድረው በመሃላቸው ስብ እንደ ሲሚንቶ ተሞልቶባታል። በዛ ሾልኮ ለማለፍ መድኃኒቱ በጣም ትንሽ፣ ስብም የሚወድ መሆን አለበት። እንደ ልማድ የሚወሰደው ድንበር 500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። ኒኮቲን 162 ነው፣ ያልፋል። ኢንሱሊን 5800 ገደማ ነው። አያልፍም። ያቺን ሽፋን ብቻ የሚበሱ፣ ነርቭ ጋ የማይደርሱ ጥቃቅን መርፌዎች ያሉበት ፕላስተር ብዙ ቦታ እየተሞከረ ነው።

ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው ካለ ደግሞ፦ ሙቀት አታስጠጉበት። ለከባድ ህመም የሚለጠፈው ፌንታኒል ለ3 ቀን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው የተሠራው። ላዩ ላይ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ከተደረገ ባንዴ ብዙ ይገባና ትንፋሽ ያቆማል። ኢንሱሊንም ቢሆን ልክ እንደተወጋ ቦታውን በሙቅ ውኃ መታጠብ ወይም ማሸት ያፈጥነዋል።

የሰበታዋ | ረቡዕ

እኔ መርፌ አልወጋም፣ ግን "ቦታ መቀየር መጠን መቀየር ነው" የሚለው ልቤን ነካው። ክንዴ ላይ ለወጣ ሽፍታ ከዓመታት በፊት የታዘዘልኝ ክሎቤታሶል ነበር። በ2 ሳምንት ጠፋልኝ። ከዛ ፊቴ ጠቆር ሲልብኝ ያንኑ ክሬም ከሱቅ እየገዛሁ ፊቴ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ አበራኝ፣ ሰው ሁሉ አማረብሽ አለኝ። 2 ዓመት ቀጠልኩ። አሁን ጉንጬ ላይ የደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ይታያሉ፣ ፀሐይ ስወጣ ይለበልበኛል። ሳቆመው ደግሞ እንደ ብጉር ፈነዳ። ክንዴን ያዳነኝ ነገር ፊቴን እንዴት እንዲህ ያደርገዋል?

ፋርማሲስቱ | ረቡዕ

እህቴ፣ ያው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የክሎቤታሶል ዘር የሆነውን፣ ስቴሮይድ የሚባለውን ሃይድሮኮርቲሶን የተለያየ የሰውነት ክፍል ላይ ቀብተው ምን ያህሉ እንደሚገባ ለኩ። የክንድን 1 ብለን ብንነሳ፣ ግንባር 6፣ የመንጋጋ ጥግ 13፣ የወንድ ብልት ከረጢት 42 ሆኖ ተገኘ። የእግር መርገጫ ግን 0.14 ብቻ። ስለዚህ ፊትሽ ላይ ያደረግሽው ክንድሽ ካገኘው ብዙ እጥፍ ነው የገባው። ክሎቤታሶል ደግሞ ከዚህ ዘር መድኃኒቶች እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲሳሳ ደግሞ ይበልጥ ያስገባል።

ራስሽን አትውቀሺ፣ ሲሸጥልሽ የነገረሽ የለም። መልሰሽ አትጀምሪው፣ ሌላ "ማለስለሻ"ም አትጨምሪበት። የቆዳ ሐኪም እዪ፤ ከሰበታ ብዙም ሳይርቅ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ብዙ ሰው ሲሻለው አይቻለሁ።

የቱሉ ዲምቱዋ | ከ3 ሳምንት በኋላ

የጠየቃችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። የዛን ዕለት ወሰድኳት። ሐኪሟ እብጠቱን ዳሰሰችና ቀና ብላ "ይሄን እስከዛሬ ማንም አላየውም?" አለችን። የጠዋቱን ከ24 ወደ 20፣ የማታውን ከ14 ወደ 11 አወረደችው። ሌሊት ላይ እየነቃሁ ለአንድ ሳምንት ለካኋት። ከዛ በኋላ ከ80 በታች አልወረደችም፣ ከ190 በላይም አልወጣችም። ያንኑ ሽሮዋን እየበላች።

ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ የእናቴን ሆድና ጭን የሚያሳይ ሥዕል በእስክሪብቶ ሣልኩ። በየቀኑ የወጋሁበትን ቦታ ነጥብ አደርግበታለሁ። አሁን እሷ ራሷ "ዛሬ ግራ ጭን ነው፣ ከትላንቱ በታች" ትለኛለች። ጤነኛው ቦታ ላይ ስወጋት "እህ" ትላለች፣ ያማታል። እብጠቱ አልጠፋም፣ ግን ለስለስ ብሏል።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያገለገሉትን መርፌዎች በሃይላንድ እያጠራቀምኩ ነው፣ ሊሞላ ነው። እዚህ ግቢ ልጆች ቆሻሻ ውስጥ ሲጫወቱ አያለሁ፣ ቆራሌውም ፕላስቲክ ይለቅማል። የት ልጣለው?

ሲስተር ከገላን | በዚያው ቀን

ደስ አሰኘሽኝ፣ ለእማማም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሃይላንዱ ስስ ነው፣ መርፌው ይበሳዋል። የበረኪና ወይም የዘይት ጀሪካን ፈልጊ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጊውና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ነይ። እኛ ጋ ማቃጠያ አለ። የክትባት ክፍሉን ጠይቂ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሰው አለ።